የዘጠኝ ወንበር ምክር ቤት

የሥነ ዜጋ መምህርቷ ተማሪዎቿን መጽሐፍ አስገልጣ ማስነበብ አትወድም ነበር። «በአንድ ጆሮ የገባ በሌላው ይወጣል፤ በእጃችሁ የሠራችሁት ግን አብሯችሁ ያረጃል» ትላቸዋለች። ስለዚህ ስለ ፌዴራል ምርጫ የምታስተምርበት ጊዜ ሲደርስ አሥራ አንደኛ ክፍልን አገር አደረገችው።

በሦስት ረድፍ የተደረደሩት ዴስኮች ሦስት ክልሎች ሆኑ። እያንዳንዱን ረድፍ ፊት፣ መሃልና ኋላ ብላ ስትከፍለው ዘጠኝ የምርጫ ክልል ወጣ።

«ክልልንና የምርጫ ክልልን ያምታታ ዜሮውን ከአሁኑ ይውሰድ» አለች። «ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ምክር ቤት ይገባል። ዘጠኝ ወንበር አለ። አምስቱን ያገኘ ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። አምስት ያልሞላለት ሌላውን ተለማምጦ ይጣመራል።»

«ጠቅላይ ሚኒስትሩንስ መቼ ነው የምንመርጠው?» አለ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ። ሳይጠየቅ ስለሚመልስ ቅልብልቡ ይሉታል።

«እናንተ አትመርጡትም። እናንተ ተወካያችሁን ትመርጣላችሁ። ተወካዮቹ ደግሞ ከመሃላቸው አንዱን ይሰይማሉ።»

እውነተኛው ምርጫም ደርሶ ነበር። የከተማው ግድግዳ ሁሉ ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ከፎቶዎቹ ሁሉ የሚበዛው የባለጠጠሩ ነው። ባለጠጠሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድንጋይ መፍጫ ባለቤት ሲሆን፣ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ይወዳደራል። ከከተማው ቤት ግማሹ የሚያድረው በእሱ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታ ሲሰጥ ሰው ሁለት ጊዜ ይመልስለታል።

ልጁም በዚያው አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ በመሆኑ ግንቡ ይሉታል። ምሰሶ የሚባል ፓርቲ አቋቁሞ ቅልብልቡን ምክትሉ አደረገ። ሌሎቹ ድልድይ የሚባል ፓርቲ መሠረቱ። ሦስተኛው ጎህ ሲሆን፣ አባላቱ ከሁለቱ የተረፉ ልጆች ነበሩ። ጎህን ወክላ ከግንቡ ጋር በአንድ የምርጫ ክልል፣ በመካከለኛው ረድፍ ኋላ፣ የቀረበችው ኩርፊት ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ያየ ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላት።

ግንቡ የራሱን የምርጫ ክልል ዞር ብሎም አላየው። «እኔን ትቶ ማንን ሊመርጥ ነው?» ይላል። ሌላ ረድፍ እየዞረ ለፓርቲው ሲቀሰቅስ ሰነበተ፤ እውነት ለመናገር ጥሩ ቀሰቀሰ። ኩርፊት ግን በእረፍት ሰዓት ከዴስክ ዴስክ እየተጠጋች፣ በዚያ በቀሰስተኛ ድምፅዋ፣ «አንተን ምን ይቸግርሃል?» ትላለች። ኋላ የሚቀመጡትን የሚቸግራቸው የተሰበረው መስኮት ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ደብተራቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚማሩት። «መስኮቱን አሠራለሁ አልልም» አለቻቸው። «ሳይሠራ ዝም አልልም ግን እላለሁ።»

የድምፅ መስጫውን ሣጥን የሠራው የመምህርቷ ባል ነው። በያጅ ነው፤ ከላሜራ ቆርጦ፣ በብየዳ አያይዞ፣ ክዳኑ ላይ ቁልፍ አበጅቶለት በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። «ይኼን ኮሮጆ ሌባ አይገለብጠውም» ብሎ ተማሪዎቹን አሳቃቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ቆጠራው በሰሌዳው ላይ፣ ሁሉም እያየ ተካሄደ። ምሰሶ አምስት ወንበር፣ ድልድይ ሦስት፣ ጎህ አንድ።

«ሌብነት ነው!» ብሎ ተነሣ የድልድይ መሪ። «ድምፁ ሲደመር እኮ የእኛ ይበልጣል!»

«ይበልጣል» አለች መምህርቷ። «የእናንተ ድምፅ ሦስት ቦታ ላይ ተከመረ። የእነሱ ለአምስት ቦታ ተዳረሰ፤ በጠባብ ልዩነትም ቢሆን አሸነፉ። ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን ነገ እንከራከርበታለን። ሕጉ ግን ይኼ ነው፤ ስንጀምር ተስማምተንበታል።»

ግንቡ እጁን እያፋተገ ወደ ሰሌዳው ወጣ። «እሺ፣ መንግሥቴን ልመሥርት።»

«አንተ አትችልም» አለችው።

«ለምን? ፓርቲዬ አሸንፏል እኮ!»

«ፓርቲህ አሸንፏል። አንተ ግን በምርጫ ክልልህ ተሸንፈሃል። ወንበሩን የወሰደችው እሷ ናት» ብላ ወደ ኩርፊት ጠቆመች። «ምክር ቤት ያልገባ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር አይሆንም። ከገቡት አምስት ልጆች አንዱን ትሰይማላችሁ።»

አንዱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት ዞረ። በሳቁ መሃል ማን እንዳለው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ድምፅ፣ «አባቱም እንዲሁ ነው የሚሆነው!» አለ።

የግንቡ ፊት ደም መሰለ። ከጠረጴዛው ላይ የላሜራውን ሣጥን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ወደ ኋላ ወረወረው። የሣጥኑ ማዕዘን የኩርፊትን ግንባር አገኘው። ልጅቷ ተቀምጣ እንዳለች ደሙ ዓይኗን ሞልቶ ደብተሯ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ዴስክ ተገለበጠ፤ ቀበቶ ተፈታ፤ የድልድይ መሪ የቅልብልቡን ጭንቅላት ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው ሁለት ልጆች ከኋላው አነቁት። መምህርቷ በመሃላቸው ገብታ ግንቡን በኮሌታው ስትጎትት ክርኑ አፏ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሷ ተሰብሮ በምላሷ ላይ ወደቀ። ተፋችውና ልጁን እንደገና ያዘችው።

«ተቀመጥ!» አለችው በደም በተሞላ አፍ። ልጁ የተፋችውን ጥርስ ሲያይ ደነገጠና ተቀመጠ።

ርዕሰ መምህሩ ልጁን ለማገድ አልደፈረም። «እባክሽን» አላት ቢሮው ውስጥ ወለሉን እያየ፣ «አዲሱ ሕንፃችን የቆመው በአባቱ ጠጠር ነው። አንቺም ይኼን ጨዋታ አቁሚው።»

«ጨዋታ አይደለም፤ ትምህርት ነው። ጀምሬ አልተውም።»

በማግስቱ የምሰሶ አምስት ተወካዮች ተሰብስበው ቅልብልቡን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰየሙት። ግንቡ ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ አየ። ኩርፊት ግንባሯ ተሰፍቶ፣ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከጎህ የገባች ብቸኛ ተወካይ ሆና ተቀመጠች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ መስኮቱ ነበር።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግን የከተማ ወሬ እግር አለው። ከሦስት ቀን በኋላ የባለጠጠሩ ተፎካካሪዎች መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው በገበያው መሃል፣ «የክፍል ጓደኞቹ ያልመረጡትን ልጅ ያሳደገ አባት፣ እናንተ ልትመርጡት ነው ወይ?» እያሉ ዞሩ። ሰው ሳቀ። ባለጠጠሩ ብዙ ነገር ይችላል፤ ሲሳቅበት መቻል ግን አያውቅም።

ራሱ ትምህርት ቤት መጣ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሌሎቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡለትና ከመምህርቷ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

«እህቴ» አላት ወንበር ስቦ እየተቀመጠ፣ «ጥርስሽን አሳክምሻለሁ። ልጁ አጥፍቷል፤ ቀጥቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ ምርጫው ስህተት ነበር በይና ድገሚው።»

«ስህተት አልነበረውም፣ ጋሼ። ሁሉም እያየ ነው የተቆጠረው።»

«የልጆች ነገር እኮ ነው!»

«የልጆች ነገር ከሆነ እርስዎን ምን አስቸገረዎት?»

ባለጠጠሩ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን ቀኝ እጇን፣ ጣቶቿ ላይ ያለውን የጠመኔ አቧራ፣ ትኩር ብሎ አየው። «በዚህ ነው የምትጽፊው?» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ማታ ለባሏ ነገረችው። «ነገ አትሂጂ» አላት።

«ነገ ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው? አርፌ ከቀረሁ ያስተማርኳቸው ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የጠጠር መኪና በትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ከላዩ አቧራ የለበሱ ሰዎች የአካፋና የዶማ እጀታ ይዘው ወረዱ። ከፊት የሚመራቸው የድንጋይ መፍጫው ካቦ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በእጁ ድንጋይ የሚፈልጥበት መዶሻ የያዘ። ዘበኛው በሩን ዘግቶ፣ «ልጆች ናቸው ያሉት፣ ወንድሜ! ልጆች ናቸው!» እያለ ለመነ። በሩን በመኪናው ገፍተው ጣሉት፤ ዘበኛውን ከበሩ ጋር። ጎድኑ ተሰብሮ እዚያው ሲያቃስት ረግጠውት አለፉ።

የክፍሉ በር ተከፈተ። «ምርጫ የምታስተምረዋ የታለች?» አለ ካቦው።

«እኔ ነኝ። ልጆቹን አስወጣና ከእኔ ጋር ተነጋገር።»

«እነሱም ይማሩ እንጂ!»

ሁለት ሰዎች በትከሻዋ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ደፏት። የሚጮሁትን ልጆች ሌሎቹ በእጀታ እየደበደቡ ከግድግዳው አጣበቁ። አንዲት ልጅ በተሰበረው መስኮት ለመውጣት ስትሞክር መስታወቱ ክንዷን ሸረከተው። ካቦው የመምህርቷን ቀኝ እጅ ዘረጋና መዶሻውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ሦስቱን ጣቶች አገኘ። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። መምህርቷ እንደ እንስሳ ጮኸች።

ግንቡ ኋላ ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ አባቱ ለካቦው «እጇን ብቻ» ሲለው ሰምቷል። ሰምቶ ዝም ብሎ ደብተሩን ይዞ መጥቷል። ሊያስፈራሯት እንጂ ያደርጉታል ብሎ አላሰበም፤ ወይም ላለማሰብ ፈልጓል። መዶሻው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን ዴስኩን ዘሎ ወጣ።

«ጋሼ! ተው! ጋሼ፣ እኔ ነኝ!»

ካቦውን በወገቡ አቅፎ ከጠረጴዛው አላቀቀው። ካቦው በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው ልጅ ነው፤ ድምፁን ሲሰማ እጁ ላላ። ከጎን የቆመው ሠራተኛ ግን ልጁን አላወቀውም፤ አዲስ ሰው ነው። የዶማውን እጀታ በሙሉ ኃይሉ አሳረፈበት። ግራ ዓይኑ ላይ ነበር ያረፈው።

ግንቡ ሲወድቅ ከጣቶቹ መሃል የሚፈሰውን አይተው ልጆቹ አበዱ። ምሰሶ፣ ድልድይ፣ ጎህ የሚባል ነገር ቀረ። ዴስክ አንሥተው ገፉ፤ ኩርፊት የተሰፋው ግንባሯ እየደማ የአንዱን ሰው እጅ ነክሳ አልለቅ አለች። ቅልብልቡ የላሜራውን ሣጥን አንሥቶ ግንቡን የመታውን ሰውዬ ጉልበት ሰበረው፤ ሰውዬው ከወደቀ በኋላም አላቆመም፤ መምህርቷ ከወለሉ ላይ ሆና «በቃ! በቃ ልጄ፣ ትገድለዋለህ!» ስትለው ነው የጣለው። ካቦው የጌታውን ልጅ ደም እጁ ላይ አይቶ፣ «ጠፋን!» ብሎ ቀድሞ ሮጠ።

ፖሊስ ሁሉም ካለቀ በኋላ መጣ።

ባለጠጠሩ ሆስፒታል ሲደርስ ካቦው ልጁን ተከትሎ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ምንም ሳይጠይቀው በቡጢ አፉን መታው፤ ሲወድቅ በጫማው ደረቱን፣ ፊቱን ረገጠው። «ልጄን! የእኔን ልጅ!»

ካቦው እየተንፈራፈረ፣ «አንተ አይደለህ የላክኸኝ!» ብሎ ጮኸ። «እጇን ስበር ያልከኝ አንተ አይደለህ!»

ነርሶች ሰሙ፤ አስታማሚ ሰማ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስም ሰማ። በነጋታው ግን ሲጠየቁ ሁሉም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ካቦው ራሱ ቃሉን ለወጠ፤ «በራሴ ነው የሄድኩት» አለ። ሚስቱና ልጆቹ የሚኖሩት በባለጠጠሩ ግቢ ነው።

የመምህርቷ ባል ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደና ወፍራም ብረት ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ አልጋ ላይ ሆና አየችው።

«ወዴት ነው?»

«አትጠይቂኝ።»

«አንተ ሰው ገድለህ ብትታሰር ጸጉሬን ማን ያስርልኛል? የልብሴን ቁልፍ ማን ይቆልፍልኛል? የቀረችኝ አንዲት እጅ ናት!»

ብረቱን እንደያዘ ወጣ። ሄዶ የባለጠጠሩ ግቢ ፊት የቆመውን የጠጠር መኪና አገኘው። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ በሩን፣ መዳፉ እስኪተለተል ድረስ አደቀቀው። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰና ከአልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ሰው አልነካሁም» አላት። «አልነካሁም፣ እመቤቴ።»

ምርጫው ደረሰ። ሰው ፈርቶ ነው ይባላል፣ ወይም ልጁ ዓይኑን በማጣቱ አዝኖለት፤ ባለጠጠሩ አሸነፈ። ምክር ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ሊጠይቀው ቢፈልግም አልቻለም።

መምህርቷ ወደ ክፍል ስትመለስ ቀኝ እጇ ጣቶቹ ደርቀው እንደ ሹካ ቀርተዋል። በግራ እጇ፣ በተወላገደ ጽሕፈት፣ «ያለመከሰስ መብት» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ተወካይ የሆነ ሰው ምክር ቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር አይከሰስም» አለች። «ይኼ የተደረገው መንግሥት ተቃዋሚን በሐሰት እንዳያስር ነው።»

«ወንጀለኛ እንዲደበቅበት አይደለም?» አለች ኩርፊት።

«ለዚያ አይደለም። ስለዚህ ምክር ቤቱ መብቱን በድምፅ ሊያነሣው ይችላል። ማስረጃ ካለ።»

ግንቡ በአንድ ዓይኑ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ። ሌላው ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማስረጃ ሰውም ይሆናል?»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። መምህርቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ይሆናል» አለች። «ግን ማንም አያስገድድህም። ሰማኸኝ? እኔም አልጠይቅህም።»

ልጁ ማንንም ሳያማክር አቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ ቁርስ ላይ የሰማውን ተናገረ። ያን ዕለት ማታ ወሬው አባቱ ዘንድ ደረሰ። ባለጠጠሩ ልጁን በዚያው በተጎዳው ጎኑ በጥፊ መታው፤ እናትየው መሃል ገብታ እሷም ተመታች። ልጁ ልብሱን በፌስታል አድርጎ የአክስቱ ቤት ገባ። ከወር በኋላ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አባቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር።

«እንዲህ በል ብሎ የነገረህ ሰው አለ?» አሉት።

«የለም። ያን ቀን ሰምቼ ዝም ብዬ ስለነበረ ነው የመጣሁት» አለ።

ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ፤ የባለጠጠሩ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። መብቱ ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ካቦውንና እሱን እስር ቤት ላካቸው። ወንበሩ ባዶ ሆነና በዚያ የምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ ተጠራ።

መምህርቷ ከባሏ ጋር ልትመርጥ ሄዳ ሰልፍ ይዛ ሳለ፣ አንዲት ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ከኋላ መጥታ ፊቷ ቆመች። የግንቡ እናት ናት። በጥፊ መታቻት፤ ደገመቻት።

«ባሌን እስር ቤት! ልጄን ዕውር! ቤቴን ያፈረስሽ አንቺ ነሽ!»

ሰልፈኛው ሆ ብሎ ተነሣ። አንዱ ሴትየዋን በነጠላዋ ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት፤ ሌላው ድንጋይ አነሣ። መምህርቷ በግራ እጇ ባሏን ገፋ አድርጋ በላይዋ ቆመች።

«ማንም እንዳይነካት! አስቀምጥ! ድንጋዩን አስቀምጥ አልኩህ!»

ሰውየው አስቀመጠ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ሴትየዋን በክንዷ ደግፋ አነሣቻት። 

«እትዬ» አለቻት፣ «ካርድ ይዘዋል?»

 ሴትየዋ ከጉያዋ የተጨማደደ ካርድ አወጣች።

«ከእኔ ፊት ይግቡ።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አራግፋ፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ሰልፉ ውስጥ ገባች።